«ሽጡት!» እንላለን፣ ግን አንድ አጥቂ ለምን ዝም ብሎ አይሸጥም?

እንደ ፈረንጆቹ ኤፕሪል 1 2025፣ ማክሰኞ ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ ሰፈራችን ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጠን ማንቼ፣ ማለትም የኛው ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ከኖቲንግሃም ፎረስት ሲጫወት እያየን ነበር። ሰዉ ወንበር ይዞ ሳይጨርስ፣ ሻይ ያዘዘውም ሻዩ ሳይመጣለት፣ 5ኛው ደቂቃ ላይ አንቶኒ ኢላንጋ ከራሱ ሜዳ ኳሷን ይዞ ተነሳና መሀሉን ሰንጥቆ ማንም ሳይደርስበት አገባ። ጨዋታውም በዛችው ጎል 1 ለ 0 አለቀ። ኢላንጋ ዩናይትድ አካዳሚ ውስጥ በልጅነቱ ገብቶ ያደገ ልጅ ነው፣ በ2023 ነው በ15 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለፎረስት የተሸጠው። ከጎኔ የነበረው ልጅ ጭንቅላቱን ይዞ «ይሄን ልጅ እንዴት በ15 ሚሊዮን እንሸጠዋለን?» ሲል፣ ከኋላችን የተቀመጡት ጋሼ የምንላቸው የሰፈራችን ሰው ቀስ ብለው «ልጄ፣ ሲሸጥ እዚሁ ወንበር ላይ ሆነህ ተገላገልን ያልከው አንተ አልነበርክም እንዴ?» አሉት። ልጁ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም ያኔ እኔም ያልኩት እሱኑ ነው።

ከዛ ቀን በኋላ ነገሩን በደንብ መከታተል ጀመርኩ። ቴሌግራም ላይም ሆነ ጨዋታ ቤት ክርክራችን ሁሌ አንድ አይነት ነው፣ ግማሹ «ይሸጥ» ይላል፣ ግማሹ «ጊዜ ይሰጠው» ይላል፣ የምንጨቃጨቀውም ልጁ ኳስ ይችላል ወይስ አይችልም በሚለው ላይ ብቻ ነው። ክለቡ ቢሮ ውስጥ ግን የሚጠየቀው ሌላ ነው፣ እዛ የሚጠየቀው ልጁ መዝገብ ላይ ስንት ቀርቶታል፣ ደሞዙን ማን ይችለዋል፣ ገዢ አለ ወይ፣ ዛሬ ቢሸጥ የሚወጣው ኪሳራ የማን አመት ላይ ይጻፋል የሚል ነው። እነዚህን ነገሮች ሳናውቅ ስንጮህ ክለቡ የማይሰማን ወይ ሞኝ የሆነ ይመስለናል። አንዳንዴ እውነትም ተሳስተዋል፣ ብዙ ጊዜ ግን እጃቸው ታስሮ ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ «አጥቂው አይረባም» የሚባለው በምን ተለክቶ ነው?

እኛ የምንለካው በጎል ነው፣ እሱም ትክክል ነው፣ አጥቂ የሚገዛው ጎል እንዲያገባ ነው። ግን ጎል ያጣ አጥቂ ሁለት አይነት ነው። አንዱ ኳሱ እየመጣለት የሚስት ነው፣ ሌላው ኳሱ ጭራሽ የማይመጣለት ነው። ከውጪ ሲታዩ ሁለቱም ያው ናቸው፣ ጎል የላቸውም።

ሁለቱን ለመለየት ነው ኤክስፔክትድ ጎል የሚባለው፣ ሰዉ ባጭሩ ኤክስጂ የሚለው፣ ቁጥር የመጣው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ድሮ የተመቱ በጣም ብዙ ሺህ ኳሶች ተመዝግበው አሉ፣ አሁን አንድ ተጫዋች ሲመታ ከዛ ቦታ፣ በዛ አንግል፣ በእግር ነው በጭንቅላት ተብሎ፣ ተመሳሳዮቹ ምን ያህሉ ጎል ሆነው ነበር ተብሎ ከ0 እስከ 1 ያለ ቁጥር ይሰጠዋል። ፔናሊቲ 0.78 አካባቢ ነው፣ ማለትም 100 ፔናሊቲ ቢመታ 78 ያህሉ ይገባል ማለት ነው። ከሳጥን ውጪ በጎን በኩል የተመታ ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። የአንድ አጥቂ የአመት ሙከራዎች ተደምረው 15 ከሆኑና እሱ 8 ካገባ፣ እየሳተ ነው። ድምሩ 4 ሆኖ እሱም 4 ካገባ ግን ልጁ የመጣለትን አግብቷል፣ ጥያቄው ለምን እንዲህ ትንሽ ብቻ መጣለት ነው።

ለመጀመሪያው አይነት የሊቨርፑሉን ዳርዊን ኑኔዝን አስታውሱ። በ2023/24 ሊግ ላይ 11 ጎል ሲያገባ 9 ጊዜ ደግሞ የጎሉን ብረት መትቷል። ልጁ ቦታው ላይ ይደርሳል፣ ኳሷም ትደርሰዋለች፣ ችግሩ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ሊቨርፑል ሦስት አመት ጠብቆ በ2025 ለአል ሂላል ሸጠው።

ለሁለተኛው አይነት ደግሞ የኛው ራስሙስ ሆይሉንድ አለ፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ2023 ከአታላንታ በ64 ሚሊዮን ፓውንድ ሲመጣ ገና 20 አመቱ ነበር። የዛን አመት ቻምፒየንስ ሊግ ምድብ ላይ በ6 ጨዋታ 5 ጎል ሲያገባ፣ ፕሪምየር ሊግ ላይ ግን እስከ ዲሴምበር 26 ድረስ አንድም አልነበረውም! ያው ልጅ፣ ያው እግር፣ ያው ወር። ከዛ አስቶን ቪላ ላይ የመጀመሪያዋን አገባና እሷን ጨምሮ በተከታታይ በተሰለፈባቸው 6 የሊግ ጨዋታዎች 7 ጎል አስቆጠረ። በሚቀጥለው አመት 2024/25 ደግሞ በ32 የሊግ ጨዋታ 4 ጎል ብቻ። ያ አመት ግን ዩናይትድ በአጠቃላይ በ38 ጨዋታ 44 ጎል ብቻ አግብቶ 15ኛ የጨረሰበት አመት ነው።

አንድ ቀን ኳሷን መከተል ትቼ እሱን ብቻ አየሁት። ክንፍ ላይ ያለው ልጅ ኳስ ሲይዝ ሆይሉንድ ወደ ቅርቡ ብረት ይሮጣል፣ ተከላካዩን ቀድሞ እጁን ያነሳል፣ ክንፉ ግን ኳሷን ወደ ውስጥ ይቆርጥና ወደ ኋላ ያቀብላል። ሆይሉንድ ቆሞ፣ ተመልሶ፣ እንደገና ይሮጣል። እንደገና ያው። ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ እጁን ማንሳት አቆመ። ካሜራው ኳሷን ስለሚከተል ይሄ ሁሉ ቲቪ ላይ በደንብ አይታይም፣ የሚታየው በ75ኛው ደቂቃ አንዷ ስትደርሰው ደንግጦ መሳቱ ነው፣ ቲክቶክ ላይ የምትዞረውም እሷው ናት።

እሺ አልሆነም እንበል፣ ለምን በቃ አይሸጡትም?

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ስለዚህ በሚኒባስ ላስረዳ።

አንድ ሰው ሚኒባስ በ5 ሚሊዮን ብር ገዛ፣ 5 አመት ሊሰራበት። ሒሳብ የሚሰራለት ሰው 5ቱን ሚሊዮን በአንዴ ወጪ ብሎ አይጽፈውም፣ በየአመቱ 1 ሚሊዮን እየቀነሰ ይሄዳል። 2 አመት ሲሞላው መዝገቡ ላይ የመኪናው ዋጋ 3 ሚሊዮን ነው። ያኔ በ3 ሚሊዮን ተኩል ቢሸጠው የግማሽ ሚሊዮን ትርፍ ይጻፍለታል፣ በ2 ሚሊዮን ቢሸጠው ግን 2 ሚሊዮን ብር ጥሬ ገንዘብ እጁ ገብቶም መዝገቡ የ1 ሚሊዮን ኪሳራ ያሳያል። ተጫዋችም እንደዚሁ ነው፣ የተገዛበት ዋጋ በውሉ አመታት ይካፈላል፣ ይሄን አሞርታይዜሽን ይሉታል።

አሁን አንቶኒን እንየው። በ2022 ከአያክስ ሲመጣ 95 ሚሊዮን ዩሮ ነው የተከፈለበት፣ ተጨማሪ እስከ 5 ሚሊዮን ሊደርስ ይችላል ተብሎ፣ ውሉም እስከ 2027 ነበር። ተጨማሪውን ትተን በግርድፉ 95ን ለ5 ብናካፍል በአመት 19 ሚሊዮን ይመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው አመት ሲያልቅ፣ 2023 ላይ፣ እኛ ሽጡት ማለት የጀመርን ሰዓት፣ መዝገቡ ላይ 76 ሚሊዮን ዩሮ ነበረበት። ማን ነው ያኔ ለአንቶኒ 76 ሚሊዮን የሚከፍለው? ማንም። በ30 ቢሸጡት 46 ሚሊዮን ኪሳራ በአንድ አመት መዝገብ ላይ ይወድቅ ነበር። 2024 ላይ ቀሪው 57 ሆነ፣ 2025 ላይ 38። በመጨረሻ በሴፕቴምበር 2025 ለሪያል ቤቲስ በ22 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ሲሸጥ በዚሁ ግርድፍ ስሌት ኪሳራው ወደ 16 ሚሊዮን ወርዷል። ማለትም እኛ በየሳምንቱ ለምን አይሸጥም ስንል በየወሩ መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር እየቀለለ ነበር፣ መጠበቁ ራሱ አንድ መንገድ ነበር።

ግን ሙሉ በሙሉ ነፃ መንገድ አይደለም። የጠበቁበት ሦስት አመት ቦታው ተይዟል፣ ደሞዝ ተከፍሏል፣ በሱ ቦታ ሊመጣ የሚችል ሰው ሳይመጣ ቀርቷል። ያሳዝናል ደግሞ፣ ምክንያቱም ልጁ ሲመጣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት የሊግ ጨዋታዎቹ በሙሉ ጎል አግብቶ ነበር፣ የመጀመሪያዋም አርሴናል ላይ ነበረች፣ ያን ቀን እዚህ አዲስ አበባ የነበረውን ጩኸት የማይረሳው ሰው ብዙ ነው።

ቼልሲ ይሄን ነገር ቀድሞ ገብቶት ነበር። በጃንዋሪ 2023 የክንፍ ተጫዋቹን ሙድሪክን ሲገዛ የ8 አመት ተኩል ውል ሰጠው፣ ዋጋው በብዙ አመት ሲካፈል የየአመቱ ወጪ ትንሽ ይመስላል። ከዛ በኋላ የአውሮፓን ኳስ የሚመራው ዩኤፋም ፕሪምየር ሊጉም ውሉ የፈለገውን ያህል ቢረዝም ዋጋው የሚካፈለው ቢበዛ ለ5 አመት ነው ብለው ዘጉት። የረዥም ውል ሌላው ችግር ልጁ ካልሆነ መዝገቡ ቶሎ አይቀልም፣ ልጁም አይሄድም።

ኪሳራ መዝገብ ላይ ቢጻፍስ ምን ይሆናል? ባለቤቶቹ ሀብታም አይደሉ እንዴ?

ሀብታም ናቸው፣ ግን ሊጉ ገደብ አለው። ለአመታት ሲሰራበት በነበረው ህግ፣ ፒኤስአር በሚባለው፣ አንድ ክለብ በ3 አመት ውስጥ ቢበዛ 105 ሚሊዮን ፓውንድ ነው መክሰር የሚችለው። ኤቨርተን በ2023 ይሄን አልፎ 10 ነጥብ ተቀንሶበት በይግባኝ ወደ 6 ወረደለት፣ ፎረስትም በ2024 4 ነጥብ ተቀንሶበታል። ይሄን ህግ ከ2026/27 ጀምሮ የቡድኑ ወጪ ከገቢው 85 በመቶ እንዳይበልጥ በሚል ለመተካት ክለቦቹ ኖቬምበር 2025 ላይ ድምጽ ሰጥተዋል። ህጉ ቢቀየርም ለኛ ክርክር ዋናው ነገር ያው ነው፣ ተጫዋች ከመዝገቡ ዋጋ በታች ሲሸጥ ያ ቀዳዳ ለሌላ ተጫዋች መግዣ ከሚሆነው ላይ ነው የሚደፈነው።

ታዲያ ለምን ያሳደጉትን ልጅ ቀድመው ይሸጣሉ?

ይሄ በጣም የሚያናድደን ነገር ነው፣ የገዙት ቁጭ ብሎ ያሳደጉት ይወጣል። ምክንያቱ ከላይ ያልነው ሒሳብ ነው። እቤት ተወልዶ ያደገ ጥጃ ገበያ ሲወጣ የተሸጠበት በሙሉ ትርፍ ነው፣ የተገዛበት ዋጋ የለማ። አካዳሚ የወጣ ልጅም መዝገቡ ላይ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ነው፣ ስለዚህ አሌሃንድሮ ጋርናቾ በ2025 በ40 ሚሊዮን ፓውንድ ለቼልሲ ሲሸጥ ከሞላ ጎደል 40ውም ትርፍ ተብሎ ይጻፋል። አንቶኒን በዛው አመት በ40 ሚሊዮን ዩሮ ቢሸጡት ኖሮ ግን በግርድፉ ስሌታችን ትርፉ 2 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ስለዚህ ሁለት እኩል የደከሙ የክንፍ ተጫዋቾች ቢኖሩ ህጉ ራሱ የሚገፋው ያደገውን ወደ ውጪ ነው። እኔ በበኩሌ ይሄ ለኳስ ጥሩ ነው ብዬ አላምንም፣ ክለብ ልጅ እያሳደገ ለሒሳብ መዝጊያ ሲያደርገው ያማል።

ኢላንጋም በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። ከሁለት አመት በኋላ ፎረስት ለኒውካስል በ55 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሸጠው።

ደሞዝ ለምን ይሄን ያህል ይወራል?

ምክንያቱም ገዢው የሚከፍለው የተጫዋቹን ዋጋ ብቻ አይደለም። ማርከስ ራሽፎርድ በ2022/23 በሁሉም ውድድር 30 ጎል አገባ፣ በጁላይ 2023 የ5 አመት አዲስ ውል ተሰጠው፣ በሚቀጥለው አመት 8 ጎል ብቻ ነው ያገባው። ደሞዙ በሳምንት ከ300 ሺህ ፓውንድ በላይ እንደሆነ ነው የተዘገበው። 300 ሺህ በ52 ሳምንት ሲባዛ በአመት 15 ሚሊዮን ከ600 ሺህ ፓውንድ ነው። አስቶን ቪላ በፌብሩዋሪ 2025 በውሰት ሲወስደው በ40 ሚሊዮን የመግዛት አማራጭ ነበረው፣ ልጁም እዛ ክፉ አልነበረም፣ 4 ጎል አግብቶ ሌላም አቀብሏል። ግን የ3 አመት ውል እንኳን ቢሰጡት 40ው ላይ ወደ 47 ሚሊዮን ደሞዝ ይደመራል፣ ድምሩ 87 ነው። ቪላ አልገዛም። በዛው ክረምት ባርሴሎና በውሰት ሲወስደው ልጁ ራሱ ደሞዙን ለመቀነስ ተስማምቶ እንደሄደ ነው የተዘገበው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ክለብ ትልቅ ውል የሚሰጠው ተጫዋቹ በጣም ጥሩ አመት ካሳለፈ ማግስት ነው፣ ካልሰጡት ደግሞ በነፃ ሊሄድባቸው ይችላል። እኛም ያኔ «ፈርም፣ ፈርም» እያልን ነበር።

ውሰት ምንድነው፣ ለምን ሁሉ ነገር ውሰት ሆነ?

ውሰት ማለት ተጫዋቹ የክለቡ ሆኖ ሌላ ጋ ይጫወታል፣ ደሞዙን ሁለቱ በስምምነት ይካፈሉታል ወይ ተቀባዩ ይሸፍነዋል። ሚኒባሱን ለሌላ ሰው ሰጥተህ የሹፌሩን ደሞዝ ግማሽ አንተ እንደመክፈል ነው፣ ቢያንስ ቆሞ አይዝግም፣ ከተሰራበት ደግሞ ገዢ ይመጣል። ሁለት አይነት መጨረሻ ሊኖረው ይችላል፣ አንዱ የመግዛት አማራጭ ነው፣ ተቀባዩ ከፈለገ ይገዛል ካልፈለገ ይመልሳል። ሌላው የመግዛት ግዴታ ነው፣ የተባለው ነገር ከተሟላ መግዛት አለበት።

ግን ግዴታም ሁሌ ግዴታ አይደለም። ጄደን ሳንቾ በ2021 በ73 ሚሊዮን ፓውንድ ከዶርትሙንድ መጣ፣ በጃንዋሪ 2024 ወደዛው በውሰት ተመለሰና እስከ ቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ተጫወተ፣ ቀጥሎ ቼልሲ በግዴታ ውሰት ወሰደው። ሁላችንም ተሸጠ ብለን ዘጋን። ውሉ ውስጥ ግን ቼልሲ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ግዴታውን መተው የሚችልበት ቀዳዳ ነበረና ከፍሎ መለሰው። ከዛ ለሦስተኛ ጊዜ ውሰት፣ ወደ ቪላ። እያንዳንዱ ውሰት የልጁን መዝገብ ያቀላል፣ እድሜውንም ይበላል፣ ውሉም እያጠረ ሲሄድ ገዢው «ትንሽ ብጠብቅ በነፃ አገኘዋለሁ» ማለት ይጀምራል።

ጊዜ ቢሰጠውስ ይለወጥ ነበር?

«ይቆይ» የሚለው ወገን ሁሌ የሚያነሳቸው ስሞች አሉ፣ እውነትም ናቸው። ሳላህ ቼልሲ 2 ጎል ነበረው፣ ወደ ሊቨርፑል መጥቶ በ2017/18 ሊግ ላይ 32 አገባ። ዴ ብሩይንን ቼልሲ በጃንዋሪ 2014 ለቮልፍስቡርግ ሸጠው። ቲዬሪ ኦንሪ ጁቬንቱስ ግማሽ አመት ቆይቶ ሊግ ላይ 3 ጎል ብቻ አግብቶ በ1999 አርሴናል ሲመጣ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ጨዋታዎች ምንም አላገባም ነበር፣ ያኔ ቴሌግራም ቢኖር ምን እንባባል እንደነበር መገመት አያቅትም። በጠቅላላው ግን ለአርሴናል 228 ጎል አገባ።

ግን እነዚህን ታሪኮች ጠጋ ብለን ስናያቸው ጊዜ ብቻውን የለወጠው ሰው ብዙም የለም። ኦንሪን ጁቬንቱስ በክንፍ ነበር የሚያሰልፈው፣ የአርሴናሉ አሰልጣኝ ቬንገር ወደ መሀል አመጣው። ሳላህና ዴ ብሩይንም ቦታቸውንና ደቂቃቸውን ያገኙት ሌላ ክለብ ሄደው ነው፣ ስለዚህ እነሱ «ይቆይ» ለሚለው ሳይሆን «ይሂድ» ለሚለው ማስረጃ ይሆናሉ፣ ለልጁ ማለቴ ነው፣ ለሻጩ አይደለም። ለ«ይቆይ» ጥሩ ምሳሌ የሚሆነኝ ካይ ሀቨርትዝ ነው። አርሴናል በ2023 በ65 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዛው የመጀመሪያ ጎሉ ሴፕቴምበር 30 ቦርንማውዝ ላይ ጓደኞቹ የሰጡት ፔናሊቲ ነበረች፣ ሞራሉ እንዲነሳ ብለው። በዛው አመት ሁለተኛ አጋማሽ ከአማካይ ወደ ፊት ተገፋና ሊጉን በ13 ጎል ጨረሰ። የተለወጠው የሚቆምበት ቦታ ነው።

ስለዚህ «ጊዜ ይሰጠው» ሲባል ምን እስኪለወጥ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። አዲስ አሰልጣኝ መጥቷል? ቦታው ይቀየራል? ኳስ የሚያቀብል ሰው ተገዝቷል? ልጁ 21 ነው ወይስ 28? ምንም የሚለወጥ ነገር ከሌለ የሚጨመረው ጊዜ ያው ጨዋታ ተደግሞ መታየቱ ነው። ደግሞ የምናስታውሳቸው የተሳካላቸውን ነው፣ ተጠብቀው ተጠብቀው ያልሆኑት አጥቂዎች ስማቸውም አይነሳም፣ ቁጥራቸው ግን ከነሳላህ በብዙ ይበልጣል።

የኛ ጩኸት ዋጋ ላይ ለውጥ ያመጣል?

ደጋፊ ብቻውን ዋጋ አይወስንም፣ ግን ክለቡ ራሱ ሲጮህ ያመጣል። መርካቶ ውስጥ ሻጭ ቸኩሎ እንደመጣ ያወቀ ገዢ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይስቃል፣ ዞሮ ይሄዳል፣ ማታ ሱቅ ሲዘጋ ይመለሳል። በ2025 ክረምት ዩናይትድ ራሽፎርድን፣ አንቶኒን፣ ሳንቾን፣ ጋርናቾንና ማላሲያን ከዋናው ቡድን ለይቶ ሌላ ክለብ እንዲፈልጉ እንደነገራቸው አለም በሙሉ ሰማ። አምስት ተጫዋች፣ አራቱ አጥቂዎች፣ ሁሉም በአንድ ገበያ። ገዢዎቹ ለምን ይቸኩላሉ? አንቶኒም ሳንቾም የሄዱት የዝውውር መስኮቱ በሚዘጋበት ቀን ሴፕቴምበር 1 ነው። በዚህ ሁሉ መሀል ዩናይትድ በአንቶኒ ውል ላይ ያገኘው ጥሩ ነገር ቤቲስ ወደፊት ሲሸጠው ከሚገኘው 50 በመቶ ድርሻ መያዙ ነው ተብሎ ተዘግቧል፣ ልጁ እዛ ከተሳካለት ትንሽ ነገር ይመለሳል ማለት ነው። በጃንዋሪ በውሰት ሄዶ በአምስት ወር ውስጥ ቤቲስን ለኮንፈረንስ ሊግ ፍጻሜ ካበቁት አንዱ እሱ ነበር።

ሆይሉንድስ የት ደረሰ?

እሱም በዛችው ሴፕቴምበር 1 ነው ወደ ናፖሊ በውሰት የሄደው። ናፖሊ አጥቂ የፈለገው ሉካኩ ስለተጎዳበት ነው፣ ሉካኩ ደግሞ ቼልሲ በ2021 በ97 ሚሊዮን ተኩል ፓውንድ ገዝቶት ያልሆነለት፣ ሁለት ጊዜ በውሰት ሰጥቶት በመጨረሻ በ2024 ለናፖሊ የሸጠው ሰው ነው። እዛው ቡድን ውስጥ ማክቶሚናይም ነበር፣ በ2024 በ25 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የሸጥነው፣ በመጀመሪያ አመቱ የጣሊያንን ሊግ ሴሪ አውን አንስቶ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የተባለው።

ኦክቶበር 1 2025፣ ረቡዕ ማታ፣ እንደገና 4 ሰዓት፣ ያው ቤት። ናፖሊ ከስፖርቲንግ። ሆይሉንድ ሁለት አገባ፣ 2 ለ 1 አሸነፉ። ሁለቱንም ያቀበለው ቅድም ያነሳነው ዴ ብሩይን ነው፣ ያኔ እሱም ናፖሊ ነበር። የመጀመሪያዋን ሲያቀብለው ልጁ ገና ሩጫ ሲጀምር ነበር ኳሷ የተላከችው፣ እጁን እንኳን ለማንሳት ጊዜ አላገኘም። ከኋላ የተቀመጡት ጋሼ «አየህ፣ ሲሰጡት» ብቻ አሉ።

የሱ ውል ላይ ናፖሊ ለቻምፒየንስ ሊግ ካለፈ በ44 ሚሊዮን ዩሮ የመግዛት ግዴታ እንዳለበት ነበር የተዘገበው። ስለዚህ ከዛ ማታ ጀምሮ እኛ ቤት ያለ የማንቼ ደጋፊ እሁድ እሁድ የሴሪ አ ደረጃ ሰንጠረዥ ይጠይቅ ነበር፣ ናፖሊ ስንተኛ ነው እያለ።